በዓይኑ ዐ የተሰወሩት ወይዘሮ አጸደ

ለክብርት ወይዘሮ ፅጌ ገመቹ፣
የ«ማኅደረ ሰፈር» ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
አየር ጤና፣ ኮልፌ ቀራንዮ

ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እመኛለሁ። ይህን የምለው ደብዳቤ ሁሉ በጤና ምኞት ስለሚጀምር ብቻ አይደለም፤ እርስዎ ጤነኛ ሆነው፣ በእግርዎ ቆመው፣ ደረጃ ወጥተው ደረጃ ወርደው መኖርዎ እጅግ የሚያስፈልግበት አንድ የተለየ ምክንያት ስላለኝ ነው። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ አስረዳለሁ። እስከዚያው ድረስ ጉንፋን እንኳ እንዳይነካዎ፣ ጉልበትዎን እንዳያምዎ፣ የሕንፃዎ ሊፍትም እርስዎን ይዞ እንዳይቆም ከልቤ እለምናለሁ።

እኔ የኔሰው ተክለማርያም እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት በዚሁ አካባቢ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከዚያም በኋላ ቤተ መጻሕፍትዎ የሰፈራችንን አዛውንቶች ድምፅ፣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ሲያሰባስብ «የስምና የፊደል አራሚ» ተብዬ ለሰባት ወር ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ በምረቃው ዕለት፣ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ «ማህደረ» ተብሎ የተጻፈው «ማኅደረ» መባል አለበት ብዬ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት ያስቸገርኩዎት ሽማግሌ እኔ ነኝ። ሰሌዳው እስከ ዛሬ አልተስተካከለም። ያኔ ተናድጄ ሳምንት ያህል ቤቴ ውስጥ ስነጫነጭ ሰንብቼ ነበር፤ ዛሬ ግን ስላልሰሙኝ አመሰግንዎታለሁ። ቢሰሙኝ ኖሮ ሕሊናዬ ላይ አንድ ተጨማሪ ፊደል ይጫን ነበር።

ጉዳዬ አንድ ፊደል ነው። ለአንድ ፊደል ብዬ ውድ ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ፊደል ምክንያት አንዲት ልጅ የሞቱ እናቷን ድምፅ መስማት አልቻለችም፣ ድምፁም የዛሬ ዐሥራ ስምንት ቀን፣ ሰኔ ሠላሳ፣ በእርስዎ ትእዛዝ ይሰረዛል።

ሴትዮዋ ወይዘሮ አጸደ መገርሳ ይባላሉ፣ የዘነበወርቅ ሰው ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ባለሙያዎችዎ መቅረጫ ይዘው ቤታቸው ድረስ ሄደው አርባ ስድስት ደቂቃ አነጋገሯቸው። እሳቸውም የዚያኑ ዕለት ለልጃቸው ለቤተልሄም፣ ስላንቺም አውርቻለሁ፣ ስትከፍቺው ትሰሚዋለሽ ብለዋት ነበር። ቤተልሄም አልከፈተችውም። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው እያሉ ድምፃቸውን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድ ልጅ የለም፤ እሷም እንደ ማንኛችንም ጊዜ ያለ መስሏት ነበር። ባለፈው ጥቅምት ወይዘሮ አጸደ ዐረፉ። በስልኳ የነበሩት የድምፅ መልእክቶች፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ ታክሲ ስትሳፈር ስልኩ ስለተሰረቀ አብረው ሄደዋል። የቀረችላት ያቺ አርባ ስድስት ደቂቃ ብቻ ናት።

የቅሬታ አቀራረብ መመሪያዎ ማንኛውም ቅሬታ በተራ ቁጥር ይቅረብ ስለሚል፣ ታዛዥ ነኝና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መፈለጊያ ሣጥንዎ ያለኝን አድናቆት ልግለጽ። በምረቃው ዕለት «ከእንግዲህ የሰፈራችን ታሪክ በአንድ ጠቅታ ርቀት ላይ ነው» ብለው ነበር፤ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። ቤተልሄም የእናቷ አርባ ከወጣ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ አየር ጤና ከምትሠራበት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አስፈቅዳ መጣች። እኔን ያገኘችኝ በዚያው ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለች አስተምሬያታለሁ፣ ስታየኝም ከወንበሯ ተነሥታ፣ ጋሼ እስቲ አብረውኝ ይዩልኝ ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የእናቷን ስም በጥንቃቄ ጻፈች። የእርስዎ መሣሪያም ባዶ እጇን ላለመመለስ ደግ ሆኖ፣ «ይህን ፈልገው ይሆን?» በማለት ስልሳ ሦስት የአጸደ ሕፃናት ፎቶግራፎች አቀረበላት።

እነዚያን ስልሳ ሦስት ፎቶዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። ሰማያዊ ሽርጥ የለበሱ ሕፃናት፣ በመስመር የቆሙ ሕፃናት፣ ወተት የሚጠጡ ሕፃናት። ምናልባት እናቴ በሆነ ምክንያት ከኋላ ቆማ ይሆናል እያለች የጓሮ አጥሩን ሳይቀር አጉልታ ትመረምር ነበር። በቀጣዩ ቅዳሜ መጥታ ስሙን ከነአባታቸው ጻፈች፤ በሚቀጥለው «ወይዘሮ» ብላ ጨመረችበት፤ ከዚያ በኋላ «እማማ አጸደ» ብላ ሞከረች። ሕፃናቱ በእያንዳንዱ ጊዜ ተመልሰው መጡ።

ሁለተኛ፤ የአንባቢዎች ረዳት የሆነችው ራዕይ የምትባለው ባለሙያዎ ስለ ሰጠችን ትምህርት ምስጋናዬ ይድረሳት። በሦስተኛው ቅዳሜ ነገሩ አሳዝኗት አጠገባችን ቁጭ ብላ፣ መሣሪያው ሀሌታው ሀን ከሐመሩ ሐ፣ እሳቱ ሰን ከንጉሡ ሠ፣ አልፋው አን ከዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸን ከፀሐዩ ፀ ፈጽሞ የተለያዩ አድርጎ እንደሚያይ፣ አንዱን ጽፎ ሌላውን ማግኘት እንደማይቻል፣ ሥራውም ሲጀመር ይህ እንዲስተካከል ተጠይቆ «ለሁለተኛው ምዕራፍ» መተላለፉን በትሕትና አስረዳችን። እንግዲህ ክብርት ሆይ፣ ከልደት ካርዱ እስከ መቃብሩ ድንጋይ ስሙን በአንድ ዓይነት ፊደል ጽፎ ለማያውቅ ሕዝብ፣ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ፊደል ይጽፋል ብሎ ያመነ ቤተ መጻሕፍት መገንባት ለሕዝቡ ትልቅ አክብሮት ከሌለ አይታሰብም። እንዲህ ያለ እምነት የተጣለብን ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እዚህ ላይ ግን ብዕሬ ይከብደኛል። ራዕይ ይህን ስታስረዳ እኔ ከጆሮዬ ጀምሮ እስከ አንገቴ ድረስ ሞቀኝ። ምክንያቱም አወቅሁ።

ወይዘሮ አጸደ ቅጹን በገዛ እጃቸው ነበር የሞሉት። ትልልቅ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ፊደሎች፤ እንደ ሰልፍ የተራራቁ። «አጸደ» ብለው ጽፈዋል። ያ ቅጽ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ቀይ ብዕሬን አነሣሁ። ቃሉ ከሥሩ በዓይኑ ዐ የሚጻፍ ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩት ይህንን ነው፣ ስለዚህ «አ»ን ሰርዤ «ዐ» አደረግሁት፣ ከጎኑም እንደ ልማዴ ትንሽ የ«ራይት» ምልክት አደረግሁበት። ድምፃቸውን አልሰማሁም። ሥራዬ ወረቀት እንጂ ድምፅ አልነበረም ብዬ ራሴን ላጽናና ብል እችል ነበር፤ ነገር ግን የድምፁ ቅጂ ከቅጹ ጋር በአንድ ፖስታ መጥቶልኛል፣ ማዳመጫም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በዚያ ሳምንት ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ስሞች አርሜ በጣም ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ቤተልሄም ወደ እኔ ዞራ፣ ጋሼ ታዲያ የእናቴን ስም በየትኛው ጽፈውት ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፣ የእርስዎ የክብር አራሚ፣ «ምናልባት ሲቀዳ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኳት። ይህን አፌን ሞልቼ ተናገርኩት። ራዕይ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያም ዓይኗን መለሰች።

በማግስቱ ብቻዬን መጣሁ። በዓይኑ ዐ ጻፍኩ። ከላይ፣ አንደኛ ሆነው መጡ፤ ፎቷቸው ከነመነጽራቸው፣ ከሥሩ አርባ ስድስት ደቂቃ የሚል ጽሑፍ። ሙሉው ድምፅ ለቤተሰብ ብቻ ተብሎ የተቆለፈ ስለሆነ ለማንኛውም አንባቢ የሚሰማው የመጀመሪያው ሠላሳ ሰከንድ ናሙና ነው። ማዳመጫውን አደረግሁ። ቀራጩ ስምዎን ይንገሩን ይላቸዋል። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው እንዲህ ይላሉ፦

«አጸደ መገርሳ እባላለሁ። በአልፋው አ ነው። መሠረተ ትምህርት ስገባ መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ነውና እንዳትቀይሩብኝ።»

ናሙናው እዚያ ላይ ያበቃል።

እኔ ያስተማርኩት ፊደሉን ነው፣ የሰዎቹን ታሪክ አላስተማርኩም። አንዲት ሴት፣ ልጅ ወልዳ ካሳደገች በኋላ፣ በትልቅነቷ ደብተር ይዛ ሄዳ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጇ የጻፈችውን ፊደል ስሕተት ነው ብዬ ሰረዝኩባት። እንዳትቀይሩብኝ ብላ እየለመነች ሰረዝኩባት። አፍሬያለሁ። ይህን ቃል በጽሑፍ ለማስፈር አምስት ወር ፈጀብኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ማረሚያ ቅጽዎ። ለቤተልሄም ሳልነግራት ፊደሉን በስውር አስተካክዬ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትጽፍ በራሱ ጊዜ እንዲወጣላት፣ እኔም አብሬያት እንድደነቅ አስቤ ነበር። ይህን ያህል ዝቅ ብዬ ነበር። መስኮት ሦስት ሄጄ የማረሚያ ቅጽ ተሰጠኝ። ቅጹ በጣም የሚያምር ነው፣ ወረቀቱም ጥሩ ነው። «የመረጃው ባለቤት በአካል ቀርቦ ይፈርም» ይላል። የመረጃው ባለቤት ዐርፈዋል ስል፣ በአካል መቅረብ ካልቻሉ የሚወክሉት ሰው በእሳቸው የተፈረመ ውክልና ይዞ ይቅረብ ተባልኩ። የሞቱ ሰው ውክልና ስለሚሰጡበት አሠራር ብጠይቅ፣ መመሪያው ሲሻሻል እንደሚካተት ተስፋ ተሰጠኝ። ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ልፈርም ብዬም ነበር፤ ቅጹ ግን ያጠፋ ሰው የሚፈርምበት ቦታ የለውም። ይህንንም በጥልቅ ታስቦበት የተደረገ መሆኑን እገምታለሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ዝም አልኩ። በየቅዳሜው ቤተልሄም ትመጣለች፣ እኔም እመጣለሁ። ስሙን በአዲስ መንገድ ትጽፈዋለች፤ እናቷ በገዛ እጃቸው ሲጽፉት ያየችውን አልፋውን አ ግን አንድም ቀን አትነካውም፣ እኔም ንኪው አልላትም፤ በኮምፒውተር የመጻፍ ችሎታዬ ደካማ ስለሆነ ይሆናል እያለች ጣቶቿን ትወቅሳለች፣ እንዳሠለጥናትም ጠየቀችኝ፣ አሠለጠንኳትም። ስንወጣ ከበሩ ማዶ ካለችው ሻይ ቤት ሻይ ትጋብዘኛለች። እጠጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልጠጣም አላልኩም። ሠላሳ አራት ዓመት ሰውን በፊደል ስሕተት ያሸማቀቅሁ ሰው፣ የራሴን አንድ ስሕተት ለመናገር አፍሬ የሰው ሻይ እየጠጣሁ ከረምኩ።

አራተኛ፤ በግንቦት ወር በግቢዎ በር ላይ ስለለጠፉት ዝርዝር። «ላለፉት ሁለት ዓመታት በማንም ያልተከፈቱ የድምፅ፣ የምስልና የቪዲዮ ፋይሎች፣ ለአዳዲስ ሥራዎች ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ሰኔ 30 የሚሰረዙ ስለሆነ ባለጉዳዮች እንድታውቁት» ይላል። ሰው ሊያገኘው በማይችለው ስም የተቀመጠውን ነገር፣ ሰው አልፈለገውም ብሎ መሰረዝ በእውነቱ የሚደነቅ አሠራር ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች እንዲህ ተደጋግፈው ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። በተራ ቁጥር 118 ላይ «ዐጸደ መገርሳ፣ ድምፅ» ይላል። እኔ ናሙናውን ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰምቼው ነበር፤ ሆኖም ናሙና መስማት እንደ መክፈት እንደማይቆጠር ራዕይ ነገረችኝ። ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ዐሥራ ዘጠኙንም ጊዜ ታውቅ ነበር።

የዚያኑ ዕለት አየር ጤና ሱቋ ድረስ ሄድኩ። ቤተልሄም ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ለአንድ ሾፌር የፍሬን ሸራ ትሸጥ ነበር። ሾፌሩ እስኪሄድ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ቆሜ ነገርኳት። ቀይ ብዕሩን፣ ናሙናውን፣ ዝርዝሩን፣ ሻዩንም ጭምር። ስጨርስ፣ ባንኮኒው ላይ ያለውን ደረሰኝ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«ጋሼ፣» አለችኝ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ የእናቴን ስም መጻፍ ያቃተኝ መስሎኝ ነበር።»

ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። ከዚያም ዱካ ሳብ አድርጋ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም አለችኝ። ተቀመጥኩ። ክብርት ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያች ዱካ የሚቆረቁር ወንበር ግን አላውቅም።

አምስተኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ ሁለታችን አብረን መስኮት ሦስት ቀረብን። ቤተልሄም ሙሉውን ድምፅ እንድትሰማ፣ በዚያውም ፋይሉ ተከፍቶ ከመሰረዝ እንዲድን የቤተሰብ ፈቃድ ጠየቀች። የልደት ካርዷን አቀረበች፤ የእናት ስም «አጸደ» ይላል። ኢብራር የተባለው ባለሙያዎ ወደ መሣሪያው አየ፤ እዚያ ያለው «ዐጸደ» ነው። ሁለቱን ስሞች ጮክ ብሎ አነበባቸው። ደግሞ አነበባቸው። በሦስተኛው ራሱ ከአፉ የወጣው አንድ ስም መሆኑን ሰምቶ እኛን ላለማየት ማኅተሙን ያስተካክል ጀመር። ቢሆንም ፊደላቸው የተለያየ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ሰው ስለመሆናቸው ማስረጃ ያስፈልጋል፣ እኔ ምን ላድርግ ከሥራዬ እባረራለሁ አለን። እውነቱን ነው። እሱን አልወቅስም፤ በመመሪያዎ ላይ ከጆሮው ይልቅ ዓይኑን እንዲያምን ታዟል።

ስድስተኛ የሚል ቁጥር ጽፌ ነበር፣ ሰርዤዋለሁ። የቀረው በእርስዎ ላይ ያለ ቅሬታ ስላልሆነ በተራ ቁጥር አይገባም።

ሥራዬን ስጨርስ «ለላቀ አስተዋፅኦ» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጥተውኛል። መጀመሪያ ሲታተም ስሜ በንጉሡ ሠ «የኔሠው» ተብሎ መጣ። መለስኩት። ሁለተኛ ሲታተም «የኔ ሰው» ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ መጣ። እሱንም መለስኩት፣ የሰው ስም እንዴት እንዲህ ይደፈራል ብዬም ጸሐፊዎን አስለቀስኳት። በሦስተኛው በትክክል ታትሞ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያንን ወረቀት ያሳተምኩትና የወይዘሮ አጸደን ስም የሰረዝኩት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። አሁን ሳሎን መቀመጥ ትቻለሁ። ወረቀቱን ከግድግዳው አውርጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁና እንዲረከቡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ቅሬታ ብቻ ሳይሆን የጠየቁት ማስረጃ ነው። እኔ የኔሰው ተክለማርያም፣ በተራ ቁጥር 118 የተመዘገቡት «ዐጸደ መገርሳ» እና የቤተልሄም እናት አጸደ መገርሳ አንድ ሴት መሆናቸውን፣ በመካከላቸው ያለው ፊደል የእኔ እንጂ የእሳቸው አለመሆኑን፣ ሳይፈቅዱልኝ፣ ይልቁንም በግልጽ ከልክለውኝ ሳለ የጻፍኩት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ይህ ማረጋገጫ በስውር ሲቀርብ የሚገባበት ሣጥን ስለሌለው በግልጽ አድርጌዋለሁ፤ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍትዎ በር፣ ከዝርዝሩ ጎን፣ አንድ ቅጂ በእድራችን ሰሌዳ ላይ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ የድሮ ተማሪዎቼ በሚሰበሰቡበት የአየር ጤና ፌርማታ ላይ ተለጥፏል። ብዙዎቹ ማስቲሽ ይዘው ራሳቸው ለጥፈውልኛል፤ አንዱም ሲለጥፍ ሁለተኛው መስመር ላይ የፊደል ስሕተት አለ ብሎ አሳየኝ። ተወው አልኩት።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንድ ፊደል። ዓይኑን አንሥተው አልፋውን ይመልሱላቸው። አዲስ ቅጽ፣ አዲስ ኮሚቴ፣ ሁለተኛ ምዕራፍ አያስፈልገውም፤ ራዕይ ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ እንደሚወስድ ነግራኛለች፣ ጣቷም ዝግጁ ነው። የሚጠበቀው የእርስዎ ይሁንታ ብቻ ነው።

ሕንፃዎ ቀዝቃዛና ንጹሕ በመሆኑ፣ ወንበሮቹም ለወገቤ በመመቸታቸው፣ ከሁሉም በላይ አንድ ሰው በሰባ አንድ ዓመቱ ምን ያህል ሊያፍር እንደሚችል እንድማር ነፃ ቦታ ስለሰጡኝ ለእርስዎና ለመላው ሠራተኞችዎ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም።

በትእዛዝዎ ሥር ታዛዥ፣ በመመሪያዎ ፊት ጎንበስ ያልኩ፣ በቤተልሄም ፊት ግን ቀና ለማለት ገና ፈቃድ ያላገኘሁ፣ የቀድሞ የአማርኛ መምህር፣ የቀድሞ የስምና የፊደል አራሚ፣ የአሁኑ የአንድ ፊደል ተከሳሽ፤

የኔሰው ተክለማርያም
(እንደፈለጉ ቢጽፉት አልቆጣም)

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦

በደብዳቤዬ መግቢያ ጤናዎን የተመኘሁበትን ምክንያት እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። በሩ ላይ በለጠፉት ዝርዝር ተራ ቁጥር 3ን አይተውት ይሆን? «የምረቃ ንግግር፣ ክብርት ወይዘሮ ጽጌ ገመቹ፣ ቪዲዮ፣ 52 ደቂቃ» ይላል። በሁለት ዓመት ውስጥ የከፈተው ሰው የለም። እርስዎ ሲፈርሙ ስምዎን በፀሐዩ ፅ እንደሚጽፉ አውቃለሁ፤ ቪዲዮው ግን በጸሎቱ ጽ ገብቷል። ያንንም ያረምኩት እኔው ነኝ፣ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ዛሬ ጠዋት ስምዎን እርስዎ እንደሚጽፉት አድርጌ ብፈልገው መሣሪያዎ ዐሥራ አንድ የፅጌረዳ አበባ ፎቶ አቀረበልኝ። አበቦቹ ያምራሉ።

እንደሚያውቁት ስሙን ለማስተካከል የመረጃው ባለቤት በአካል ቀርባ መፈረም አለባት። እርስዎ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አሉ፤ እስከ ሰኔ ሠላሳም በጤና ያቆይልን። መስኮት ሦስት ሲመጡ ግን ከፊትዎ የልደት ካርድ ይዛ የተሰለፈች ልጅ ያገኛሉና፣ እባክዎ ተራዋን ይጠብቁላት።